ጨርቁን ማን ያጥበዋል?



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሕፃን የሽንት ጨርቅ ነው። ርእሱን ለአዘጋጆቹ ስነግራቸው እርስ በርሳቸው ተያይተው ፈገግ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። አገራችን ጎጃም የዲማና የዋሸራ የቅኔ ቤቶች አገር ናት። ስለ ቅኔ፣ ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ስለ ሀዲስ ዓለማየሁ ሲነገር ያልሰማ የደብረ ማርቆስ ሰው የለም፤ ሰው ሰብስቦ ስለ ሽንት ጨርቅ የተናገረ ግን እኔም አላጋጠመኝም። ቢሆንም ዛሬ ማታ ቤቱ ሲገባ አራስ የምትጠብቀው ሰው ስለ ቅኔ አይጠየቅም። የሚጠየቀው «ዳይፐሩ አልቋል፤ እንግዛ ወይስ በጨርቅ እንቀጥል?» ተብሎ ነው።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው አራስ ቤት ውስጥ፣ ገንፎው እየተበላ ነው። አክስት አንድ ነገር ትላለች፣ ጎረቤት ሌላ፣ አማት ደግሞ ሁሉንም የሚሽር ነገር ትናገራለች። የአራሷ ሐሳብ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ከተጠየቀ።

አቋሜን ሳልደብቅ ልጀምር። እዚህ ማርቆስ ላይ ለሚያድግ ጤነኛ ሕፃን፣ ቤት በሚዋልበት ቀን፣ ጨርቅ ይሻላል እላለሁ። ይህን የምለው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ቅድመ ሁኔታውን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ካልተስማማችሁበት ምክሬንም ተዉት፣ ዳይፐር ግዙ።

እናቶቻችን ያሳደጉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭና በአቡጀዲ ነው። አሮጌው ይመረጥ የነበረው በድህነት ብቻ አይደለም። አዲስ የጥጥ ጨርቅ የጥጡ የራሱ ቅባት አለበት፤ ከፋብሪካ የወጣ ከሆነ ክሩን ለማጠንከር የተቀባው ነገርም ይጨመርበታል። ሁለቱም የሚለቁት ጨርቁ ደጋግሞ ሲታጠብ ነው። ስለዚህ አዲስ አቡጀዲ ገዝታችሁ «ውኃ አይመጥም» ብላችሁ የጣላችሁት ካለ፣ አራት አምስት ጊዜ በፈላ ውኃ እጠቡትና እንደገና ሞክሩት።

ከጨርቁ በፊት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበር፤ ማስሸናት። ሕፃኑ ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ጠብቶ ሲያበቃ፣ ከአንቀልባ ሲወርድ እናቲቱ ከፍ አድርጋ ይዛ «ሽሽሽ» ትለዋለች፤ እሱም ይለምድና ድምፁን ሲሰማ ይሸናል። ይህን እንደ ኋላ ቀር ልማድ የሚያይ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ፔዲያትሪክስ በተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ኬንያ ውስጥ ዲጎ የሚባለው ሕዝብ እንዲሁ እያስሸና፣ ልጆቹን ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ እንደሚያደርጋቸው የሚመሰክር ጥናት ነው። በአሜሪካ በተቃራኒው ዳይፐር ከተስፋፋ ወዲህ ልጅ ከዳይፐር የሚወጣበት ዕድሜ እየገፋ ሄዶ ሦስት ዓመት ገደማ ደርሷል። ዳይፐር ብቻውን አላመጣውም፤ ያላገዘው ግን አይመስለኝም። ዳይፐር ውስጥ ያለ ልጅ መሸናቱን እናቱም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። እርጥብ ጨርቅ ግን ያሳውቃል፤ ልጁም ያለቅሳል።

ወደ ዳይፐሩ ልምጣ። አሜሪካዊቷ ማሪዮን ዶኖቫን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የልጇ ጨርቅ አልጋውን እያራሰ ሲያስቸግራት፣ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ቀድዳ ውኃ የማያሳልፍ መሸፈኛ ሰፋች፤ በ1951 የፈጠራ ባለቤትነት አገኘችበት። ቀጥሎ የሚጣል የወረቀት ዳይፐር ሐሳብ ይዛ ወደ ፋብሪካ ባለቤቶች ብትሄድ የሰማት አልነበረም። ያኔ በኃላፊነት ወንበር ላይ የተቀመጡት ወንዶች ነበሩ፤ ጨርቅ አጥበው አያውቁም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቪክቶር ሚልስ የተባለ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኬሚካል መሐንዲስ የልጅ ልጁን የመጠበቅ ተራ ደረሰውና ጨርቅ መለወጡ መረረው። ፓምፐርስ በ1961 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ወጣ። እግዜር ያሳያችሁ፤ አንድ ወንድ አያት ጨርቅ ቢነካ ዓለም ተለወጠ!

በዚያው በ1961 እ.ኤ.አ. እኛ ዘንድ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። እነሱ ጨርቁን ሊሰናበቱ ሲነሡ እኛ በገዛ አካባቢያችን ጥጥ በፋብሪካ መሸመን ጀመርን ማለት ነው።

ዳይፐርን ላጥላላው አልመጣሁም። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውስጡ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የተባለ ዱቄት መሰል ነገር ይገባበታል፤ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሽንት መጥጦ ወደ ዝልግልግነት ይለወጣል፣ ቢጫኑትም አይመልሰውም። ለዚህ ነው ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነሣ የሚያድረው፤ እናቱም እንዲሁ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ በሚወጣ አውቶቡስ ውስጥ ልጅ ታቅፎ ጨርቅ የሚለውጥ ሰው ጀግና ነው። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡም ያው ነው፤ ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትቆም እናት ጀርባዋ እንዳይርስ ብትፈልግ ማን ይፈርድባታል? እንዲህ ላለው ቀን ዳይፐር ይገዛ።

በየቀኑ ሲሆን ግን ሒሳቡን ሥሩት። ልጅ በአማካይ በቀን ስድስት ዳይፐር ይለውጣል እንበል፤ አራስ ሲሆን ከዚህ ይበልጣል፣ ሲያድግ ይቀንሳል። በወር 180 ነው። እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ቢቆይ 5,400 ይሆናል። ዋጋውን እኔ አልነግራችሁም፤ ከሱቅ ሱቅ፣ ከወር ወር ይለያያል። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ዋጋው ተኝቶ አድሮ አያውቅም። ዛሬ ማታ ሱቅ ጎራ ብላችሁ የአንዱን ጠይቁና በ5,400 አባዙት። ከዚያ የሠላሳ ቁራጭ አቡጀዲ ዋጋ ጠይቁ። ጨርቁ ለሁለተኛው ልጅም እንደሚደርስ አትርሱ።

ሒሳቡ ብዙ ሰው ያሳምናል፤ እኔን ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሰገራው የት ይደርሳል የሚለው ነው። «የሕፃን ሰገራ ምን አለበት?» የሚል አባባል በየቤቱ አለ። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራ ሽታው ስለማይከብድ፣ ቀለሙም ቢጫ ስለሆነ ሰው አይጸየፈውም። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን ግን ከሕፃን ሰገራም ይተላለፋሉ። አጥሚትና ገንፎ ከጀመረና መዳህ ከመጣ በኋላ ደግሞ ወስፌቱም ይከተላል።

እኛ አካባቢ ደግሞ ከተቅማጥ ሌላ ዓይንም አለ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ በወረንጦ የምትነቅል አሮጊት ያላየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም። በሽታውን ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን ከሚያመላልሱት አንዷ ዝንብ ናት፤ ሙስካ ሶርበንስ ትባላለች። ይህች ዝንብ እንቁላሏን መጣል የምትወደው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ላይ ነው፤ ጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አትራባም። እንግዲህ አባትና እናት መጸዳጃ ቤት እየተጠቀሙ የሕፃኑን ሰገራ አጥር ሥር ከደፉ፣ ዝንቧን ልጁ ከሚጫወትበት ደጅ ላይ እየቀለቧት ነው።

ከዚሁ ከምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረ ትልቅ የትራኮማ ጥናት አለ። አዚትሮማይሲን በየመንደሩ በጅምላ ተሰጥቶ ኢንፌክሽኑ ክፉኛ ቀነሰ፤ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞትም ቀንሶ ተገኘ። በጥናቱ አንድ ክፍል ከመድኃኒቱ ጋር መጸዳጃ ቤት በብዛት እንዲቆፈር ተደርጎ ነበር፤ ይህ ግን በመድኃኒቱ ላይ የጨመረው የሚታይ ለውጥ አልነበረም። ለምን? አጥኚዎቹ የየራሳቸው ማብራሪያ አላቸው። የእኔ ግምት የአንዲት ቤት ለቤት የምትዞር ሴት ግምት ነው፤ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ የሕፃኑ ጨርቅ ግን አሁንም ደጅ ነው የሚራገፈው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን በ16 ፓኬጆቹ ስለ መጸዳጃ ቤት ብዙ አስተምሮናል። ስለ ሕፃኑ ሰገራ ያስተማረን ግን የሚበቃ አይመስለኝም።

በዚህ ነጥብ ጨርቅና ዳይፐር እኩል አይደሉም። ጨርቅ የሚያጥብ ሰው ወደደም ጠላም ሰገራውን ያየዋል፣ አንድ ቦታም መድፋት አለበት፤ ያ ቦታ መጸዳጃ ቤት እንዲሆን ማስለመድ ይቻላል። ዳይፐር የሚጠቀም ሰው ከነሰገራው ጠቅልሎ ይጥለዋል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት ጋሪ በሰዓቱ ከደረሰ ደኅና፤ ካልደረሰ ውሻ ከፌስታሉ ጎትቶ መንገድ ላይ ይዘረጋዋል። ጉድጓድ ውስጥ የሚጥለውም አለ፤ ይህ ደግሞ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላል፣ መምጠጫ መኪና ሲመጣም ቱቦውን ይዘጋል። ግቢ ውስጥ ላቃጥለው የሚል ደግሞ እርጥብ ዳይፐር እንደማይነድ፣ ላስቲኩ ብቻ እየጨሰ ጎረቤት እንደሚያጥን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ቦዩ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ወንዝ ይወስዳል። የጮቄ ወንዞች መጨረሻቸው ዓባይ ነው፤ ስለ ዓባይ እየዘፈንን ዳይፐር የምንልክበት ሕዝቦች መሆናችን አንዳንዴ ያስቀኛል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ዳይፐርም ብዙ ላስቲክ አለበት፤ መጠቅለያ የሚሆነው ፌስታል ሲጠፋ ወዴት እንደሚጣል ከወዲሁ ብናስብበት ጥሩ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስናገር አንገታቸውን እየነቀነቁ የሚያጸድቁልኝ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። አውቃለሁ፤ ወጪ ይቀንሳል፣ አካባቢ አይበከልም፣ የአባቶች ልማድ ነው። እንግዲህ ቅድመ ሁኔታዬን ስሙ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥናት፤ እንግሊዞች ጨርቅ ወይስ ዳይፐር የሚለውን ጥያቄ በጥናት አይተውታል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንግሥታቸው ጥናት ለአንድ ልጅ ለሁለት ዓመት ተኩል የሚውል ዳይፐር 550 ኪሎ ግራም ያህል የካርቦን ልቀት እንዳለው፣ ጨርቅ ደግሞ 570 እንደሆነ አሰላ። አዎ፣ ጨርቁ በለጠ! ምክንያቱም እነሱ በማሽን ያጥባሉ፣ በማሽን ያደርቃሉ። ጨርቁን ገመድ ላይ የሚያሰጣ፣ ማሽኑን ሞልቶ የሚያጥብና ለሁለተኛ ልጅ የሚያስተርፍ ቤተሰብ ግን ልቀቱን 40 በመቶ ይቀንሳል። እዚህ ማድረቂያ ማሽን ያለው ቤት ብርቅ ነው፤ ማድረቂያችን የማርቆስ ፀሐይ ናት። ስለዚህ በአካባቢ በኩል ጨርቅ እኛ ዘንድ ያሸንፋል።

ነገር ግን እንግሊዞቹ ኤሌክትሪኩን ቆጠሩ፤ እኛ የምናወጣውን ጉልበት ማን ቆጠረው? በቀን ስምንት ጨርቅ፣ ከነጋ ጀምሮ ሳፋ ላይ ጎንበስ፣ እጅ በሚያደነዝዝ ውኃ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በጀሪካን ማመላለሱ አለ። ባል «ጨርቅ ነፃ ነው» ሲል የሚስቱን እጅ ዜሮ ብሎ ሞልቷል ማለት ነው። ሚስት ሠራተኛ ስትቀጥር ደግሞ ዕዳው ከገጠር በመጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ያርፋል፤ እሷም ደመወዟ ላይ ስለ ጨርቁ የተጨመረ ነገር የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፤ አባት 3 ቀን። ሕጉ ራሱ ጨርቁን ማን እንደሚያጥብ ወስኖ ጨርሷል።

እንግዲህ ቅድመ ሁኔታዬ ይህ ነው፤ ጨርቅ ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው ያጥባል። አባት ከወሰነ አባት ተራ ይይዛል፤ አማት ከወሰኑ አማትም ቢሆኑ። በሚያጥቡ ሰዎች ያልተወሰነ ጨርቅ በአራሷ ላይ የተጣለ ቅጣት ነው። ባሏ ርቆ የሚሠራ፣ መንታ የወለደች፣ በኦፕሬሽን የወለደችና ቁስሏ ያልጠገገ፣ ረዳት የሌላት እናት ዳይፐር ብትገዛ ትክክል ናት፤ ማንም «ሰነፍ» ሊላት አይገባም። ይህን ቃል በአራስ ቤት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ አውቃለሁ።

አሁን ለሚያጥቡት። ሰገራውን መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት አራግፉ፤ ያለቀለቃችሁበትንም ውኃ እዚያው ድፉት፤ ጎመን መደብ ላይ አይፈስስ። ለጨርቁ የተለየ ሳፋ ይኑረው፤ ዕቃና አትክልት አይታጠብበት። የወስፌትን እንቁላል በረኪና አይበግረውም፤ ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ግን ይገድለዋል። ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ከበቂ በላይ ነው። ሁልጊዜ ማፍላት አይጠበቅባችሁም፤ ልጁ ተቅማጥ ሲይዘው ወይም ቂጡ ሲቆስል ግን ቀቅሉት። ሳሙናውን በደንብ አለቅልቁ፤ ጨርቁ ላይ የቀረ ኦሞም ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል።

እንዶድ የሚጠይቁኝ አሉ። እንዶድ የተከበረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዝያ መከላከያ ያዋሉት፤ ታላቅ ምርምር ከልብስ አጣቢ ሴቶች ሥር ተነሣ። ለነጠላችሁ አመስግናችሁ ተጠቀሙበት። ለሕፃን ገላ ግን አልመክረውም፤ አረፋው ዓይንና ስስ ቆዳ ይቆጣል።

ክረምቱ ነው ትልቁ ፈተና። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጨርቅ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰጥቶ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ አራስ ያለችበት ክፍል ውስጥ ጨርቅ ማድረቅ አለ። ይህን እባካችሁ አታድርጉ! የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፤ ሕፃንን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ። ለክረምት ዘዴው ሁለት ነው፤ የጨርቁን ቁጥር ማብዛት፣ ካልሆነም እነዚህን ሁለት ወራት በዳይፐር ማሳለፍ። መድረቁን የምትጠራጠሩትን ጨርቅ ካውያ አሳርፉበት።

ስለ መቁሰልም አንድ ነገር ልበል። «ጨርቅ ያቆስላል»፣ «ዳይፐር ያቆስላል» የሚሉት ሁለቱም ወገኖች ምስክር አያጡም። የሚያቆስለው ሽንትና ሰገራ ተቀላቅሎ ገላ ላይ መቆየቱ ነው። ጨርቅ ርሶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ሊያቆስል ይችላል፤ ዳይፐርም «ገና አልሞላም» ተብሎ ለቁጠባ ግማሽ ቀን ከዋለ እንዲሁ። በጨርቁ ላይ የላስቲክ ሱሪ የምታደርጉ አየር ስለማይገባው ቶሎ ቶሎ እዩት። ቅቤ ከመቀባት በፊት ማጠብና ማድረቅ ይቅደም፤ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ ራቁቱን ማስተኛትም ይረዳል። በሦስት ቀን ካልሻለው ወይም ቀይ ሆኖ ዙሪያውን ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በመጨረሻ አንድ ልመና ለከተማችን ልብስ ሰፊዎችና ለዩኒቨርሲቲያችን ወጣቶች አለኝ። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ እየታጠበ የሚያገለግል የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ አምርተው በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። በዚያው ብልሃት ቅርጽ ያለው፣ መርፌ ቁልፍ የማይፈልግ፣ ውስጡ ቶሎ የሚደርቅ የሕፃን ጨርቅ በአገር ጥጥ ሰፍቶ ገበያ የሚያወጣ ሰው እዚህ መጥፋት የለበትም። በጣም የሚደክመን የጨርቁ ቅርጽ ስላላደገ ነው፤ ዛሬም በአያቶቻችን አጣጣፍ ነው ያለነው።

ሰዓቴ አልቋል። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ከወንዶች እንጀምር፤ እጃችሁን አውጡ።